ከቄጤማው ሥር የነበረው ሽቦ

ሥራዬን ከተውሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ልጆቹ ጡረታ ይሉታል፤ እኔ ግን መንግሥት ቤት ሠርቼ ስለማላውቅ ደብተር የለኝም። ካስማ ለመንቀል ጎንበስ ስል ቀና ማለቱ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነብኝና ተውሁት። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በድንኳን ነው። ሰፍቼዋለሁ፣ ተክዬዋለሁ፣ ነቅዬዋለሁ፣ ሲቀደድ ጠግኜዋለሁ። ሰው ለሰርግ ይሁን ለለቅሶ ይሁን ለሽርሽር ከሥሩ ሲገባ እኔ ከውጭ ሆኜ ገመድ ሳጠብቅ ኖርሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ልጅ አዝዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ይህንንም የምጽፈው የልጅ ልጄ እያረመችልኝ ነው። እሷ «እማማ፣ ከርዕሱ አትውጪ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም ሳልል ማለፍ አልችልም፤ ስለዚህ ታገሡኝ።

እንድጽፍ ያደረገኝ ቄጤማ ነው።

በመጨረሻ የሠራሁበት ቦታ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ያለ የድንኳን ማረፊያ ነው። ሣር ላይ የተተከሉ አሥራ ሁለት ትናንሽ ድንኳኖች አሉት፤ እያንዳንዱ አንድ አምፖልና አንድ የስልክ መሙያ ሶኬት አለው። እሑድ እሑድ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከነልጆቻቸው ይመጣሉ፤ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ከፔዳ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ አልፎ አልፎ ፈረንጅ ይመጣል። ባለቤቷ ዘሀራ ናት፣ የወረታ ነጋዴ ልጅ፤ ሥራ የምታውቅ፣ ለሰው የምታዝን ሴት። እኔ ስወጣ በቦታዬ የገባችው ሃይማኖት ትባላለች፤ ኮሌጅ የጨረሰች፣ እጇ ፈጣን፣ ጥያቄዋ የማያልቅ ልጅ።

ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ ዘሀራ ጠራችኝ።

«እትዬ ይታይሽ፣ አንድ ነገር ልለውጥ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«ምኑን ልጄ?»

«የቄጤማውን ነገር። እንቁጣጣሽ እየደረሰ ነው። እንግዳው ባዶ ወለል ሲያይ ‹ምነው ክሊኒክ አስመሰላችሁት› ይለኛል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከቤቷ ይዛ መጥታ እርስዎ አስመለሷት አሉ።»

«መብራት በገባበት ድንኳን ቄጤማ አይጎዘጎዝም» አልሁ።

ሃይማኖት ጣልቃ ገባች። «እሱንማ ሁሉም ሠራተኛ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል። ለምን እንደሆነ ነው የሚነግረን ያጣነው። ተባይ ያመጣል? ይሸታል?»

«እርጥብ ነው።»

«ሣሩስ እርጥብ አይደል እማማ?»

«ደንብ ነው» አልሁና ወጣሁ። በሩን ሳልዘጋው ሃይማኖት ለዘሀራ «ምክንያቱን እሳቸውም አያውቁት ይሆናል» ስትል ሰማሁ።

አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አውቄው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የነገርሁት፤ ያውም ለማያስፈልገው ሰው። ለሚያስፈልጋት ሳልናገር ቆየሁ። አሁን ዝም ብዬ ከወጣሁ ደግሞ ቄጤማው በእርጥቡ፣ ሽቦ ባለበት፣ ልጆች በባዶ እግራቸው በሚሮጡበት ድንኳን ይጎዘጎዛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ አክስቴ ዘንድ ነው፤ ሸራ ሰፊ ነበረች። የሸራ መርፌ እንደ ጣት ይወፍራል፤ ክሩን ሰም ካልቀባሽው ዝናብ በስፌቱ ቀዳዳ ይገባል። አክስቴ ድንኳን ሰፍታ ስትጨርስ ከሥሩ ገብታ ወደ ላይ ታያለች፤ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካገኘች «ይኸው ኮከብ ወጣልሽ» ብላ ታስፈታኛለች። ከዚያ ድንኳን አከራይ ዘንድ ተቀጠርሁ። ባሌ ሞቶ ነበር፤ የመጨረሻዋ ልጄ ጡት አልጣለችም። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ወሩን አይዘልም ነበር።

ጋሽ ስመኘውን ያገኘሁት እዚያ ነው። የድንኳኑ መብራት ዘርጊ እሳቸው ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቁ በአፍንጫቸው የሚስቁ ሰው። መብራት የሚመጣው ከደጋሹ ቤት ቆጣሪ ነው፤ ከዚያ በሽቦ ይጎተታል፣ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ለአምፖሉም ለሞንታርቦውም ይከፋፈላል። ሌላው ሠራተኛ እንደ ደረሰ ሽቦውን ይወረውራል። ጋሽ ስመኘው መጀመሪያ በጣሳ ውኃ ይለምናሉ። ቤተኞቹ ጠምቷቸው ነው ብለው ያቀርባሉ። እሳቸው መሬት ላይ ያፈሱታል። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ፣ ረጋ ብለው፣ የሚሄድ ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው። አንዲት ባልቴት «ምን ያለው ባለጌ ነው፣ የሰጠሁትን ውኃ ደፋው» ስትል ሰምቻለሁ። ውኃው የሄደበት አቅጣጫ ላይ መገጣጠሚያ አያኖሩም ነበር።

ብረት ምሰሶ ከመያዛቸው በፊት በእጃቸው ጀርባ ነካ ያደርጋሉ። መዳፍ ኤሌክትሪክ ሲነካው ይጨብጣል እንጂ አይለቅም፤ የእጅ ጀርባ ግን ይሸሻል። ዛሬ መፈተሻ ካቻቢቴ አለ፣ እሱ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ግን የእጅ ጀርባ ነበረ። ሽቦ ሊነኩ ሲሉ ደግሞ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቫልቮላ፣ መብራቱ የሚያልፍበትን ያን ትንሽ ነጭ ሸክላ፣ ነቅለው ኪሳቸው ይከቱታል። «ኪሴ ውስጥ ያለን መብራት ማንም አያበራብኝም» ይሉ ነበር።

ሁለት ሽቦ የተቀጠለበትን ቦታ ግን መሬት ላይ ጥለውት አያውቁም። ጫፉ ሹካ የሆነ እንጨት፣ ባላ፣ ተክለው ከሰው ራስ በላይ ይሰቅሉታል። ባላ መቁረጥና መትከል የእኔ ሥራ ነበር። «ይታይሽ፣ ባላ!» ይሉኛል፣ እኔም እተክላለሁ። ለምን አላልሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

እሑድ ነበር፣ የሰርግ ድንኳን፣ ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ ሰፈር። ጧት ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ጋሽ ስመኘው ውኃቸውን አፍስሰው፣ መስመሩን በሁለት ባላ አሻግረው፣ ሞንታርቦው እየጮኸ ነው። ባላዎቹ የቆሙት በድንኳኑ መግቢያ አጠገብ ነበር። የሙሽራዋ እናት መጣች፣ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ይኼ ምንድን ነው? ልብስ ማስጫ ነው እንዴ በሬ ላይ የተከላችሁብኝ?»

«መብራት ነው እመቤቴ።»

«መብራትማ በየቤቱ አለ፤ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ያየሁት ዛሬ ነው። ሙሽራው ሊገባ ነው። ሚዜዎቹ ጨርቃቸውን ሊያጠላልፉበት? ሰው የድሀ ልጅ ዳረች ይበለኝ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ጋሽ ስመኘው ወደ ቆጣሪው ሄደው ነበር። በዚያው ቅጽበት ቄጤማው መጣ። ሁለት ሴቶች ከሐይቁ ዳር አሁን ያጨዱትን ተሸክመው፣ ውኃው በጀርባቸው እየተንጠባጠበ። እኔ የዚያች እናት ዓይን አሳዘነኝ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ መመስገን ፈለግሁ። ባላዎቹን ነቀልሁ፣ ሽቦውን ከነመገጣጠሚያው በብረት ምሰሶው ሥር አስጠግቼ መሬት ላይ አስተኛሁት፣ በላዩ ቄጤማ ጎዘጎዝሁበት። አማረ። ሽቦ ያለ አይመስልም። እናቲቱ ጉንጬን ሳመችኝ።

ጥቂት ቆይቶ ሙሉ ገባች። ሙሉ የሰፈሩ ልጅ ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ፣ ለሰርጉ ውኃ ልታቀብል የመጣች። ጀሪካን አዝላ፣ በባዶ እግሯ፣ ከደጁ ስትደርስ ጎንበስ ለማለት ምሰሶውን በቀኝ እጇ ያዘች። ያዘችና ቆመች።

አልጮኸችም። እስከ ዛሬ የማልረሳው ይህንን ነው። ሰው ሁሉ ደክሟት የተደገፈች መሰለው። አንዱ ከሚዜዎቹ «ሙሉ፣ ምሰሶውን ያጨሽው አንች ነሽ እንዴ?» አለ፣ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጀሪካኑ ከጀርባዋ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ውኃው ፈሰሰ፣ እሷ አልዞረችም። ልይዛት ሮጥሁ። እጄ ሊደርስባት ሲል ከኋላዬ የጋሽ ስመኘው ድምፅ መጣ፦

«እንዳትነኪያት!»

ቆምሁ። እሳቸው ወደ ቆጣሪው ተመልሰው ሮጡ። ሞንታርቦው ዝም አለ፣ ሙሉ ወደቀች። ቫልቮላው በእጃቸው ነበር።

ነፍሷ ተረፈች። ብዙ ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። የቀኝ እጇ መዳፍ ተቃጥሎ ሲድን ሁለቱ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ። ሙሉ ፈታይ ነበረች። የእሷን ድርና ማግ ሸማኔዎች ይሻሙበት ነበር፤ ክሯ እንደ ፀጉር ይቀጥናል እንጂ አይበጠስም። እንዝርት የሚያሾሩት ደግሞ እነዚያው ጣቶች ናቸው።

የሰፈሩ ሽማግሎች ተቀመጡ። ዋርካ ሥር፣ በቀትር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጫለሁ።

«መስመሩን የዘረጋኸው አንተ ነህ?» አሏቸው ጋሽ ስመኘውን።

«እኔ ነኝ።»

«መገጣጠሚያው መሬት ላይ ነበረ?»

«ነበረ።»

«ማን አስቀመጠው?»

«መስመሩ የእኔ ነው» አሉ።

አፌን ከፍቼ ነበር። ጡት የያዘችው ልጄ ጭኔ ላይ ነበረች፤ ከሥራ ከወጣሁ ማን ያበላታል አልሁ በልቤ። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ላሳምረው አልፈልግም። አከራዩ ጋሽ ስመኘውን አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር ላይ ድንኳን የሚያሠራቸው ጠፋ፤ «ሴትዮዋን ያቃጠለው» የሚል ስም ወጣላቸው። ሙሉም ያንኑ አመነች።

ስድስት ወር ያህል እንቅልፍ አጣሁ። በኋላ ቆላ ድባ ናቸው ሲሉ ሰማሁና በአውቶቡስ ሄድሁ። የገበያ ቀን ነበር፣ መንገዱ በጤፍና በሽምብራ ጆንያ ተሞልቷል። አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ፀጉራቸውም ቅንድባቸውም በዱቄት ነጥቶ፣ መስመር ሲያድሱ አገኘኋቸው።

«ሸበትህ ልበል ወይስ ዱቄት ነው?» አላቸው ጎናቸው ያለው ሰው፣ ትክ ብዬ ሳያቸው አይቶ፣ ለመቀለድ። እሳቸው በአፍንጫቸው ሳቁ። ወጣ ብለን ግንብ ሥር ቆምን።

«ጋሽ ስመኘው፣ ባላውን የነቀልሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ባላዎቹን ከድንኳኑ ጀርባ አየኋቸው። ተስተካክለው፣ ጎን ለጎን፣ ሹካቸው ወደ አንድ ወገን ዞሮ። እንደ አንች አድርጎ ዕቃ የሚደረድር ማን አለ?»

አለቀስሁ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ዱቄቱን ከእጃቸው እያራገፉ አሰቡ። «ባላ ትከይ አልሁሽ እንጂ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልነገርሁሽም። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ደንብ የሚጠብቀው የሚቆጣው እስካለ ድረስ ነው። የሚያመሰግነው ሲመጣ ይተወዋል። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ያንችን ግን ለእኔ ነግረሽ ምን ይጠቅምሻል? ለሙሉ ንገሪያት።»

«እሽ» አልሁ።

ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ምክንያቱን ሁሉ ነገሩኝ። ከዚያ ቀን የተማርሁትን ትምህርት ቤት ገብቶ የሚያገኘው ያለ አይመስለኝም። የቤት መብራት ቤት ውስጥ የሚታመነው ግድግዳውና ወለሉ ደረቅ ስለሆነ ነው፤ ድንኳን ግን ወለሉ መሬት ነው፣ መሬት ደግሞ ውኃ የጠጣ ነው፣ ሰው ባዶ እግሩን ነው፣ ምሰሶው ብረት ነው። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መሄጃ ይፈልጋል፤ መንገድ ካጣ ሰውን መንገድ ያደርገዋል። መገጣጠሚያ በናስትሮ ቢጠቀለል፣ በፌስታል ቢታሰር፣ ፌስታሉ ውስጥ ውኃው ላብ ሆኖ ይጠራቀማል እንጂ አይወጣም። «ፌስታል የቲማቲም ዕቃ ነው» አሉኝ። ሽቦ ወደ ድንኳን ሲገባ ከደጁ ወደ ታች ረገብ ብሎ እንደገና ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ዝናቡ ሽቦውን ተከትሎ መጥቶ ከዚያች ከረገበችው ቦታ ይንጠባጠባል፣ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሽቦ በምንጣፍ ሥር፣ በፍራሽ ሥር፣ በሣር ሥር አይደበቅም። የሚታይ ሽቦ ያስጠላ ይሆናል፤ ሲላጥ ግን ታዪዋለሽ።

ከቆላ ድባ ተመለስሁ። ለሙሉ ግን አልነገርኋትም።

ልነግራት ሄጄ ነበር። ቤቷ ገባሁ፤ ጥጥ ፊቷ ተቆልሎ በግራ እጇ ስትታገል አገኘኋት። ሳላስበው እንዝርቱን ተቀብያት መፍተል ጀመርሁ። እሷ ባዘተች፣ እኔ ፈተልሁ። የእኔ ክር ወፍራም ነው፣ ለጋቢ እንጂ ለነጠላ አይሆንም፤ ግን እንጀራ ሆናት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ባሕር ዳር በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ። ሙሉ ለሰው «ጎረቤት የሰጠኝ አምላክ ነው» ትላለች። ድንኳን ባየች ቁጥር ደግሞ «ያን ስመኘው የሚሉትን እጁን ይንሣው፣ እንደኔ» ትላለች። እኔ እንዝርቴን አሾራለሁ።

መካከሉን ባሳጥረው ይሻላል። መራዊ ሄጄ ጥቂት ዓመት የእድር ድንኳን ጠባቂ ሆኜ ሠራሁ፤ መስኖ ያለበት አገር ነው፣ መሬቱ በበጋም አይደርቅ። አንድ የለቅሶ ቤት ረጅም ሽቦ በማጠንጠኛው ላይ እንደተጠቀለለ፣ ጫፉን ብቻ ስበው፣ የውኃ ማፍያና ስቶቭ ሰክተውበታል። ማጠንጠኛው እንዳይታይ ጆንያ አልብሰውታል። እኔ ያወቅሁት በሽታው ነው፤ ላስቲክ ሲቃጠል ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ አለው። ጆንያውን ብገልጠው ሽቦው እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። የተጠቀለለ ሽቦ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም፤ ሙሉውን ዘርግተሽ ነው የምትጠቀሚው። ሟቹን ትተው እኔን ሲመርቁኝ ዋሉ። እኔ ግን ጆንያውን ባየሁ ጊዜ ያየሁት ቄጤማ ነበር።

ዘሀራ ማረፊያውን ስትከፍት ድንኳን የሚያውቅ ሰው ፈልጋ አገኘችኝ፤ ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ የሙሉንም እንዝርት እንደገና ያዝሁ። የመብራቱን ነገር ጋሽ ስመኘውን ከቆላ ድባ አስመጥቼ ነው ያሠራሁት፤ አርጅተው ነበር። ለእያንዳንዱ ድንኳን አጭር የእንጨት ዓምድ አስቆሙ፤ እያንዳንዱ ላይ መብራት ሰው ሲይዝ በዓይን ጥቅሻ የሚቆርጥ ብሬከር አስገጠሙ፣ እንደ ዱሮው ቫልቮላ ሽቦ እስኪግል የማይጠብቅ። መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ ተጭነሽው ካልወደቀ ያ ድንኳን ያን ቀን መብራት አያገኝም። እኔም ድንኳኖቹ ሥራ ላይ በዋሉበት ጧት ሁሉ አሥራ ሁለቱንም ስጫን ኖርሁ። ሲሄዱ «ለሙሉ ነገርሻት?» አሉኝ። መሬት መሬት አየሁ። በሁለተኛው ዓመት አረፉ፤ ቆላ ድባ ተቀበሩ።

ከእንግዶቹ ጋር ብዙ ሳቅ ነበረን። አንድ ጊዜ የፔዳ ተማሪ ስቶቭ በሻንጣ ደብቆ ድንኳን ውስጥ ፓስታ ሊቀቅል ሲል ያዝሁት።

«እማማ፣ እኔ እኮ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነኝ» አለኝ።

«እሰይ፤ እንግዲያ ለምን እንደምቀማህ አንተ ትነግረኛለህ።»

ጓደኞቹ «ፈተና መጣብህ» ብለው አፋጠጡት። ሸራውም ፍራሹም ቶሎ እሳት እንደሚይዝ፣ ቀጭኗ ማከፋፈያ ስቶቭ እንደማትሸከም፣ እየተንተባተበ ነገረኝ። «አለፍህ» ብዬ ፓስታውን ከወጥ ቤት አስቀቀልሁለት። ለስቶቩ ምክንያት አስነገርሁት። የቄጤማውን ምክንያት ግን ማንም ቢጠይቀኝ «ደንብ ነው» እል ነበር። ሃይማኖት ከበሩ ኋላ ያለችው ቃል ያን ዕለት ያሳረረኝ ለዚህ ነው። ጋሽ ስመኘው ለራሳቸው ጥፋት ብለው የቆጠሩትን፣ እኔ ዐውቄ ደገምሁት።

በማግሥቱ ሙሉ ዘንድ ሄድሁ። ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጥጡ ተባዝቶ እንዝርቱ ይጠብቀኛል። አላነሣሁትም።

«ሙሉ፣ ያን ሽቦ መሬት ላይ ያስተኛሁት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን ሽቦ?»

«ያንን።»

እጇን አየች። «ስመኘው አይደለም?»

«አይደሉም። እሳቸው ባላ ላይ ሰቅለውት ነበር። የሙሽራዋ እናት አስጠላኝ ስትል አውርጄ ቄጤማ ያለበስሁት እኔ ነኝ።»

አንዲት ዶሮ ጥጡ አጠገብ መጣች፤ ማናችንም እሽ አላልናትም።

«ሰውየው ሞቷል አይደል?» አለች ሙሉ።

«ሞተዋል።»

«ስንት ዓመት ረገምሁት። አንች ጎኔ ተቀምጠሽ። እንዝርት እያሾርሽ።» ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው። «ስረግመው አሜን ትይ ነበር?»

«ዝም እል ነበር።»

«ዝምታሽ ከአሜን በምን ተሻለ?» ጎንበስ ብላ እንዝርቱን አነሣች፣ ጉያዋ ከተተችው። «ሂጂ ይታይሽ። እኔ የምፈልገው ጎረቤት ነበር፤ ንስሐ ገቢ ቤቴ አምጥቼ አላስቀመጥሁም።»

ሄድሁ። ለዘሀራና ለሃይማኖትም እንዲሁ ተናገርሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሃይማኖት ያን ዕለት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ዘሀራ «ቄጤማውን ከግቢው ዋርካ ሥር፣ መብራት በሌለበት እንጎዘጉዛለን» አለች፤ «ለእንግዳው ምክንያቱን መናገር ግን የእኛ ፋንታ ነው።» እኔም በዚያው ሥራዬን አስረክቤ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ያህል የሙሉን በር እያየሁ አለፍሁ፤ በሩ ዝግ ነበር። ስንት ዘመን የሰውን ገመድ ሳጠብቅ ኖሬ የራሴን ላልቶ አገኘሁት።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሃይማኖት ጠራችኝ፣ ድንኳን ስትተክል ቆሜ እንድመለከትላት። ከቀትር በኋላ ነው። ሠራተኞቹ ቄጤማውን ከዋርካው ሥር እየበተኑ ሳለ አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ሙሉ ወረደች። ነጭ ለብሳለች። እኔን አልፋ ሄዳ ከሠራተኞቹ መካከል ቆመች።

«ቄጤማ በድንኳን ውስጥ ለምን ክልክል ነው እያላችሁ እንደምትጠይቁ ሃይማኖት ቤቴ መጥታ ነገረችኝ» አለች፣ ቀኝ እጇን ዘርግታ። «ይኸው። ልጆች፣ አትፍሩ፣ አይናከስም። ሁለቱ ጣቶቼ ከዚያን ቀን ጀምረው ተኝተው አልነሡም፤ ከእኔ ይልቅ ሰነፎች ናቸው።» ልጆቹ ለመሳቅ ፈሩ። «ስመኘው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሽቦውን ከራሴ በላይ ሰቅለውት ነበር። ያወረደችው እሷ ናት» ብላ በታጠፈው እጇ ወደ እኔ አመለከተች። «እንዲያምር ብላ። እናንተም እንዲያምር ብላችሁ እንዳታደርጉት።»

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ከሻንጣዋ እንዝርቱን አወጣች፣ አልሰጠችኝም፣ እጇ ላይ ይዛው ቆመች።

«ወዲያኛው ድንኳን ምሰሶው ብረት ነው?» አለች።

«ነው።»

«ከዚያን ቀን ወዲህ የድንኳን ብረት ነክቼ አላውቅም። ለቅሶ እንኳ ስሄድ ከውጭ ነው የምቀመጥ።»

ወደ ዓምዱ ሄድሁ፣ ብሬከሩን ጥዬ መብራቱን ቆረጥሁ፣ ማንም እንዳይደርስበት ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምሁ። ሙሉ ወደ ድንኳኑ በር ሄደች። እዚያ ደርሳ ዞር አለች።

«ሰውየው በምናቸው ነበር የሚነኩት ያልሽኝ?»

እንዲህ ያልኋት በአንዱ የፈትል ቀን ነበር፣ ስማቸውን ሳልጠራ፣ አንድ ብልህ ሰው ነበሩ ብዬ።

«በእጃቸው ጀርባ።»

የታጠፈውን እጇን አዞረች፣ ጀርባውን ወደ ብረቱ አስጠጋች፣ ነካችው።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች፣ እጇን ሳታነሣ።